የለንደን ግንብ ዘቦች፦ ከሠራዊት ወጥቶ ዮማን ዋርደር ስለመሆን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለንደን ሄዶ ታወር ኦፍ ለንደንን፣ በእኛ አፍ የለንደን ግንብን፣ ያየ ሰው በሩ ላይ ሰማያዊና ቀይ ለብሰው የሚቆሙትን ጎልማሶች አይረሳቸውም። ብዙ ጎብኚ አብሯቸው ፎቶ ይነሳል፤ ማን እንደሆኑ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የሚደጋገሙት ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው አሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ተዋናዮች ናቸው ወይስ እውነተኛ ወታደሮች?

ወታደር የነበሩ፣ ዛሬ ደግሞ ደመወዝተኛ ሠራተኞች ናቸው። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 22 ዓመት በብሪታንያ ጦር ኃይሎች አገልግለው የወጡ ናቸው። ደረታቸው ላይ የሚታየው የሜዳሊያ ሪባን ከልብስ ሰፊ የመጣ ጌጥ አይደለም፤ ሰሜን አየርላንድ፣ ኢራቅ፣ አፍጋኒስታን ወይም ሌላ ቦታ ሄደው ያገኙት ነው። የሚቀጥራቸው ግንቡንና ሌሎች ቤተ መንግሥቶችን የሚያስተዳድረው ሂስቶሪክ ሮያል ፓላስስ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ በማዕረግ ደግሞ የንጉሡ ክብር ዘብ አባላት ሆነው ይቆጠራሉ። ቁጥራቸው ከ30 ትንሽ ከፍ ይላል።

መደበኛ መጠሪያቸው ዮማን ዋርደር ነው። ሕዝቡ «ቢፊተር» ይላቸዋል፤ «ሥጋ በል» እንደማለት ነው። የስሙ ምንጭ ያከራክራል። ብዙ የሚጠቀሰው የቶስካናው ኮሲሞ በ1669 ለንደንን ሲጎበኝ የቤተ መንግሥቱ ዘቦች በየቀኑ የሚሰጣቸውን የበሬ ሥጋ ብዛት አይቶ የተናገረው ነው። ዋርደሮቹ ራሳቸው በስሙ ይቀልዳሉ እንጂ አይቆጡም።

ረጅሙን ጥቁር የጠጉር ቆብ ከሚያደርጉት ጋር አንድ ናቸው?

አይደሉም። ግንቡ ውስጥ ሦስት ዓይነት ጠባቂ ይምታታል።

የጠጉር ቆብ ያደረጉት በሥራ ላይ ያሉ ወጣት ወታደሮች ናቸው። በአንድ መኮንን፣ በስድስት ባለ ሌላ ማዕረግ አለቆችና በ15 ወታደር የተዋቀረ ክፍል በተራ ይመጣል፤ ጠመንጃ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ዮማን ዋርደሮች ደግሞ እዚያው የሚኖሩት ጡረተኞች ናቸው። ሦስተኞቹ ዮመን ኦቭ ዘ ጋርድ ይባላሉ። ሄንሪ ሰባተኛ በ1485 ያቋቋማቸው፣ በብሪታንያ ከሁሉ የቆየው የወታደር ጓድ ናቸው። እነሱም ከጦር ኃይሎች የወጡ ናቸው፤ ግንቡ ውስጥ ግን አይሠሩም። የሚጠሩት ለበዓልና ለሥነ ሥርዓት ብቻ ሲሆን፣ የሚታወቁበት ሥራ ንጉሡ ፓርላማ ከመክፈቱ በፊት የሕንፃውን ምድር ቤት በፋኖስ መፈተሽ ነው፤ ፓርላማውን በባሩድ ለማፈንዳት ከታሰበው የ1605ቱ ሴራ የቀረ ልማድ ነው።

የበዓሉ ቀይ ልብስ የሁለቱም ስለሚመሳሰል ጋዜጠኞች ሳይቀሩ ይሳሳታሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ወገብ የሚወርድ ሰፊ ቀይ መታጠቂያ ካለ ዮመን ኦቭ ዘ ጋርድ ነው። ጥንት ጠመንጃ ያስደግፉበት የነበረ ቀበቶ ነው። ከሌለ የግንቡ ዋርደር ነው።

ለመቀጠር ምን ያስፈልጋል?

ሦስት ነገር ሳይሟላ ማመልከቻው ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም።

አንደኛው 22 ዓመት አገልግሎት ነው። ሁለተኛው ማዕረግ ነው፦ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ ዋራንት ኦፊሰር ወይም በባሕርና በአየር ኃይል ከዚያ ጋር እኩል የሆነ። በእኛ ሠራዊት ቋንቋ የሚቀርበው የሻምበል ባሻ ወንበር ነው፤ መቶ የሚያህሉ ወታደሮችን ሥርዓት፣ ሰልፍና ጓዳ የሚይዘው ሰው። ሦስተኛው የረጅም አገልግሎትና መልካም ሥነ ምግባር ሜዳሊያ ነው። የሚሰጠው 15 ዓመት ያለ ከባድ ቅጣት ላገለገለ ነው። ብዙዎች ማዕረጉና ዓመቱ ኖሯቸው እዚህ ላይ ይቀራሉ፤ በ20 ዓመት እድሜ የተፈጸመ ጥፋት ሜዳሊያውን ሊያዘገይ ወይም ሊያስቀር ይችላል፤ ውጤቱ የሚታየው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ከእነዚህ ውጭ በማስታወቂያው ጎላ ብሎ የማይጻፍ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ሁሉን የሚወስን ነገር አለ፦ አንደበት። ይህን ወደ ታች እንመለስበታለን።

ለምን 22 ዓመት ሆነ?

በብሪታንያ ጦር የአንድ ተራ ወታደር ሙሉ የአገልግሎት ዘመን ለረጅም ጊዜ 22 ዓመት ስለነበር ነው። በቀድሞው የጡረታ ደንብ፣ በ1975ቱ፣ ከ18 ዓመት እድሜ ጀምሮ 22 ዓመት የሞላ ወታደር በወጣ ማግስት ጡረታው ይጀምርለት ነበር። ስለዚህ ሰውየው በ40 ዓመቱ ልጆቹን ገና እያሳደገ፣ ጉልበቱም እያለ፣ ትንሽ ጡረታ ይዞ ከሰፈር ይወጣል። ሁለተኛ ሥራ የሚፈልገው ያኔ ነው። የዋርደርነት ደንብ የተሰፋው በዚህ ሰው ልክ ነው።

መኮንን የነበረ ሰው ማመልከት ይችላል?

ቦታው የታሰበው ከታች ተነሥተው ባሻ ለደረሱ ነው። ጡረታ ለወጡ መኮንኖች ሌላ ቦታ አለ፦ የንጉሡ የቅርብ ዘብ የሆነው የጀንትልመን አት አርምስ ጓድ፣ እንዲሁም በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ቤት ተሰጥቷቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት በየእሑዱ የሚሰለፉት የዊንዘር ወታደራዊ ናይቶች፣ በ1348 በኤድዋርድ ሦስተኛ የተመሠረቱት። እንግሊዞች ለዘብ እንኳ መደብ መደብ አላቸው።

ሴቶችና ባሕረኞችስ?

የመጀመሪያዋ ሴት ዋርደር ሞይራ ካሜሮን በ2007 ሥራ ጀመረች፤ እንደ ማንኛውም አመልካች 22 ዓመት አገልግላ፣ ዋራንት ኦፊሰር ሆና ነው የመጣችው። ባሕረኞች እስከ 2011 አይገቡም ነበር። ሰበቡ ቃለ መሐላ ነው፦ የምድርና የአየር ወታደር ታማኝነቱን የሚምለው ለዘውዱ ሲሆን፣ ባሕር ኃይሉ ግን ከጥንት ጀምሮ በዘውዱ ሥልጣን የቆመ ተቋም ነው ተብሎ በዚያ መልክ አይምልም ነበር።

ማመልከቻው እንዴት ይሄዳል? ሰው የሚወድቀውስ ምን ላይ ነው?

ክፍት ቦታ የሚገኘው አንዱ ሲወጣ ነው፤ በአንዳንድ ዓመት ጥቂት፣ በአንዳንዱ ምንም። ማስታወቂያው በድርጅቱ ድረ ገጽ ይወጣል። ከሠራዊት ሊሰናበት የተቃረበ ሰው አስቀድሞ ማሰናዳት የሚችልበት ጊዜ አለው፦ የመከላከያ ሚኒስቴሩ የሥራ ሽግግር አገልግሎት ከመሰናበቻው ሁለት ዓመት ቀድሞ ይከፈትለታል፤ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው ደግሞ ለሥልጠናና ለሥራ ፍለጋ የሚሆን እስከ 35 የሥራ ቀን ይፈቀድለታል። ብልህ ሰው ከዚህ ላይ ጥቂት ቀን ቀንሶ ግንቡ ሄዶ በጎብኚነት ተሰልፎ፣ የሦስት የተለያዩ ዋርደሮችን ጉብኝት ይሰማል። ሥራው ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚነግረው የለም።

መውደቂያው አንድ ነው ማለት ይቻላል። አመልካቹ የአገልግሎት ዘመኑን ይዘረዝራል፦ የት ዘመትኩ፣ ስንት ሰው አዘዝኩ። መራጮቹ ግን ያን ወረቀቱ ላይ አንብበውታል፤ ሁሉም አመልካች ባሻ ነው። የሚፈልጉት ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው፦ አንድ የማያውቁት ሰው፣ ያውም ልጅ ያዘለ፣ ዝናብ የመታው፣ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይሰማ ሰው፣ ይህን አመልካች ለአንድ ሰዓት ቆሞ ያዳምጠዋል ወይ? ትእዛዝ ብቻ የለመደ አንደበት እዚህ ላይ ይደርቃል። ጎብኚ አይታዘዝም፤ ካልጣመው ጥሎ ይሄዳል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ይመስላሉ?

ጥናት ነው። የግንቡ ጉብኝት በቀን ደጋግሞ የሚነሣ ሲሆን እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ዋርደሩ ወረቀት አይዝም። ከ1066 በኋላ ድል አድራጊው ዊልያም ያስጀመረውን ነጩን ግንብ፣ በ1483 ደብዛቸው የጠፋውን ሁለት ልዑላን፣ በ1536 አንገቷ የተቆረጠውን ንግሥት አን ቦሊንን፣ ሁሉን በቃል ይወጣል። አዲሱ ሰው መጀመሪያ ነባሮቹን እየተከተለ ይሰማል፣ ጽሑፉን በቃሉ ይይዛል፣ ከዚያ በነባሮቹ ፊት ይፈተናል። ያለፈ ብቻ ሕዝብ ፊት ይቆማል።

ድምፅ ሌላው ትምህርት ነው። ባሻ ድምፅ አለው፤ ሁሉም «እኔን ማይክሮፎን አያስፈልገኝም» ብሎ ነው የሚመጣው። የሰልፍ ትእዛዝ ግን አጭር ነው፤ ሁለት ቃል ተወርውሮ ያልቃል። ስድሳ ደቂቃ በዚያ ጉሮሮ መተረክ አይቻልም። በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ጉብኝት የደረሰበት አዲስ ሰው በሳምንቱ ድምፁ ይዘጋል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ትንፋሹን ከሆድ መሳብ፣ ከጉሮሮ አለመግፋት፤ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሮ መጨረሻውን አለመዋጥ፤ የድንጋይ ግድግዳ ከጀርባ አድርጎ መቆም፣ ድምፁን ወደ ፊት ይመልሳልና። ነፋስ ከቴምዝ በኩል ሲመጣ ሕዝቡን ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ማቆም ነው። የመጨረሻው ጎብኚ ሳይደርስ ደግሞ አይጀመርም፤ ኋላ የቀረው ሰው መጀመሪያውን ካልሰማ ማውራት ይጀምራል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውም አይሰማም።

ቀልድም የሥራው አካል ነው። ስለ መቁረጥና ስለ መስቀል እያወራ ሕዝቡን ማሳቅ ያለበት ሰው ነው። እዚህ ላይ ልኩን ማወቅ አለ፤ ጉብኝቱ የሚያበቃው በቅዱስ ጴጥሮስ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው፣ አን ቦሊን የተቀበረችበት። በሩ ላይ ባርኔጣ ይወልቃል፣ ቀልዱም እዚያው ይቀራል።

ከጉብኝት ሌላ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ?

በር ላይ ይቆማሉ፣ ሕዝብ ያስተናግዳሉ፣ የጠፋ ልጅ ያገናኛሉ፣ ለወደቀ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ ይሰጣሉ፣ «መጸዳጃ ቤት የት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመልሱ እነሱ ያውቃሉ። ማታ ማታ በተራ ጥበቃ ያድራሉ። ከበር ከተዘጋ በኋላ ለመግባት የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ ቃሉ በየ24 ሰዓቱ ይቀየራል።

አንዳንዶቹ የተለየ ኃላፊነት አላቸው። አለቃው ዋና ዮማን ዋርደር ጫፉ ላይ የነጩ ግንብ የብር ምስል ያለበት በትር ይይዛል። ምክትሉ ዮማን ጄይለር ይባላል፤ የወህኒ አዛዥ እንደማለት ነው፤ በሥነ ሥርዓት ጊዜ መጥረቢያ ይሸከማል። የቁራዎቹ አለቃም ከዋርደሮቹ አንዱ ነው። ቁራዎቹ ከግንቡ ከጠፉ መንግሥቱ ይወድቃል የሚል አፈ ታሪክ ስላለ ከስድስት አያንሱም፤ ለክፉ ቀን አንድ ትርፍ ይያዛል። እያንዳንዱ ቁራ በቀን 170 ግራም ያህል ጥሬ ሥጋና በደም የራሰ ብስኩት ይበላል። ማለዳ ከቤታቸው መልቀቅ፣ ሲመሽ ቆጥሮ ማስገባት የአለቃው ሥራ ነው፤ ያልገባ ቁራ ካለ ቀበሮ እንዳይበላው ፍለጋ ይወጣል።

የቁልፍ ሥነ ሥርዓቱ እንዴት ነው የሚካሄደው?

ይህ 700 ዓመት ገደማ ሆኖታል ይባላል፤ በየምሽቱ ይደረጋል። ልክ ከምሽቱ 9:53፣ በእኛ አቆጣጠር ለአራት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው፣ ተረኛው ዋርደር ረጅም ቀይ ካፖርት ለብሶ ከባይዋርድ ታወር ይወጣል። በአንድ እጁ ሻማ የበራበት ፋኖስ፣ በሌላው ቁልፎቹ። ወደ ከዳተኞች በር ሲደርስ አጃቢ ወታደሮች ይቀበሉታል፤ ፋኖሱን ለአንዱ ይሰጥና እርምጃ ገጥመው ወደ ውጭው በር ይሄዳሉ። ያን ይቆልፋል፤ ሲመለስ የሚድል ታወርን፣ ቀጥሎ የባይዋርድ ታወርን በሮች ይቆልፋል። እየቆለፈ ሳለ አጃቢዎቹ ለቁልፎቹ መሣሪያ ያቀርባሉ።

ሲመለሱ በብለዲ ታወር ቅስት ሥር ዘቡ ሳንጃውን ደግኖ ያስቆማቸዋል።

— ቁም! ማን ነው የመጣው?
— ቁልፎቹ።
— የማን ቁልፎች?
— የንጉሥ ቻርልስ ቁልፎች።
— የንጉሥ ቻርልስ ቁልፎች ይለፉ። ሁሉ ሰላም ነው።

በቅስቱ አልፈው ደረጃው ላይ የተሰለፈው ጓድ ፊት ይቆማሉ። ዋርደሩ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ «እግዚአብሔር ንጉሥ ቻርልስን ይጠብቅ!» ሲል ጓዱ «አሜን!» ይላል፤ በዚያው ቅጽበት ሰዓቱ አሥር ይመታል፣ ጥሩምባው ይነፋል።

ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። «አሜን»ና የሰዓቱ የመጀመሪያ ደወል መገጣጠም አለባቸው። ሦስት በር ተቆልፎ፣ ተመልሶ፣ ተጠይቆ ተመልሶ ሰባት ደቂቃ ነው። እርምጃው ቢፈጥን ሁሉም ደወሉን በዝምታ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቢዘገይ ደወሉ ጸሎቱን ይቆርጠዋል። በዝናብ የራሰው ድንጋይ ያንሸራትታል፤ ከባድ ቁልፍ በብርድ ጣት ቶሎ አይዞርም። ስለዚህ ዋርደሩ እርምጃውን የሚያስተካክለው ወደ በሩ ሲሄድ ነው፤ ሲመለስ ጊዜው አልፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቦምብ አቅራቢያው ወድቆ ፍንዳታው አጃቢዎቹን ከነዋርደሩ ሲጥላቸው እንኳ፣ ተነሥተው አቧራቸውን አራግፈው ጨረሱት፤ የጓዱ መኮንንም ስለ መዘግየቱ ለንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ።

ልብሱስ?

ሁለት ነው። በየቀኑ የሚለበሰው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀይ ጥለት ያለው፣ ደረቱ ላይ ዘውድና የንጉሡ ፊደል የተጠለፈበት ረጅም ካፖርት ነው፤ ከ1858 ጀምሮ። ለበዓል የሚወጣው ቀይና ወርቅ ዘቦ የተጠለፈበት የቱዶር ዘመን ልብስ ነው፦ ነጭ የተጣጠፈ የአንገት ልብስ፣ ቀይ ረጅም ካልሲ፣ ጉልበትና ጫማ ላይ የሪባን አበባ፣ ጥቁር ክብ ባርኔጣ። ይህን ለብሶ ለብቻ ማጠናቀቅ አይቻልም፤ የአንገቱን መርበብና ጀርባውን ሌላ ሰው ያስተካክላል። ሱፉ ወፍራም ስለሆነ በበጋ ይፈላል፤ ቢሞቅም አንገቱ አይከፈትም። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ2022 ካረፉ በኋላ ደረቱ ላይ ያለው ፊደል ወደ ንጉሥ ቻርልስ መለያ መቀየር ነበረበት፤ የሁሉም ልብስ እንደገና መጠለፉ ነው።

ረጅም ሰዓት ቆሞ አለመውደቅ እንዴት ይቻላል?

በ2022 በዌስትሚኒስተር አዳራሽ የንግሥቲቱ አስከሬን ዙሪያ ከቆሙት ዘቦች መካከል ዮማን ዋርደሮችም ነበሩ። እዚያ እያንዳንዱ ቡድን የሚቆመው 20 ደቂቃ ነበር፤ ተረኛው ክፍል ግን ለስድስት ሰዓት ይያዛል።

ሰው የሚወድቀው በድካም ብቻ አይደለም። ጉልበት ተቆልፎ ሲቆም የባት ጡንቻ አይሠራም፣ ደም ወደ እግር ይወርድና ጭንቅላት ያንሰዋል። ስለዚህ ጉልበቱን በማይታይ መጠን ለቀቅ ማድረግ፣ ጫማ ውስጥ የእግር ጣቶችን ማጠፍና መዘርጋት፣ ክብደቱን ከተረከዝ ወደ ፊት ትንሽ ማዛወር ያስፈልጋል። ባዶ ሆድ አይቆምም። ውሃ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ይጠጣል፤ ከመቆሚያው ሰዓት በፊት የተጋተ ውሃ የሚጠቅመው መጸዳጃ ቤቱን ነው። ጆሮ መጮህ፣ ላብ መቀዝቀዝና የዓይን ጠርዝ መጥቆር ከጀመረ ያ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ተንበርክኮ መቀመጥ በድንጋይ ላይ በግንባር ከመውደቅ ይሻላል። ወጣቶች ይህን አይቀበሉም፤ ዋርደሮቹ እድሜያቸው ስለሆነ ይቀበላሉ።

ቤት በነጻ ይሰጣቸዋል?

ቤት ይሰጣቸዋል፤ በነጻ ግን አይደለም። ከነቤተሰባቸው በግንቡ ቅጥር ውስጥ፣ ብዙዎቹ በውጭኛው ግድግዳ ውስጥ በተሠሩ መኖሪያዎች ይኖራሉ፤ ኪራይና የማዘጋጃ ቤት ግብር ይከፍላሉ። ዋርደር የሚሆን ሰው ሲወጣ የሚገባበት የራሱ ቤት ከግንቡ ውጭ ሊኖረው ይገባል፤ ጡረታ የወጣ ቀን መኖሪያውን ይለቃልና። ለብዙ አመልካች ከባዱ ቅድመ ሁኔታ ይኸው ነው፤ 22 ዓመት በሰፈር ቤት የኖረ ወታደር ቤት አልገዛ ይሆናል።

ለቤተሰብ የሚከብደው ሌላ ነው። ቀን ቀን መስኮትህ ሥር ሺህ ሰው ያልፋል፤ ማታ በሩ ተቆልፎ ዝም ይላል። የልጅ ጓደኛ ልደት ሲመጣ፣ ዕቃ ሲላክ፣ እንግዳ ሲመሽበት ሁሉ በጥበቃ በኩል ነው። በቅጥሩ ውስጥ ሐኪምና ቄስ አሉ፤ ለነዋሪው ብቻ የተከፈተ «ዘ ኪስ» የሚባል መጠጥ ቤትም አለ።

ደመወዙ ሀብታም አያደርግም፤ ከሠራዊቱ ጡረታ ጋር ተደምሮ ነው የሚያኖረው። በታኅሣሥ 2018 ድርጅቱ የጡረታ ደንቡን ሲቀይር ዋርደሮችም ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሥራ አቁመው በሩ ላይ ወጥተዋል። ስለዚህ የክብር ቦታ ነው ብሎ ብቻ መውሰድ ያሳስታል፤ ደመወዝ፣ ፈረቃና አለቃ ያለው ሥራ ነው።

«ዮማን ዋርደር ሆነህ አትሙት» የሚባለው ምንድን ነው?

አዲሱ ዋርደር ግንቡ ውስጥ ባለው አረንጓዴ ሜዳ ላይ ጓዶቹ ከበውት ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ከዚያ በትልቅ የቆርቆሮ ጎድጓዳ ሳህን ወይን ይቀርብና ዋናው ዋርደር ይህን ቃል ይመርቅበታል። እርግማን ይመስላል እንጂ ምርቃት ነው። ጥንት ቦታው የሚገኘው በገንዘብ ነበር፤ 250 ጊኒ ይከፈልበታል። በሕይወት እያለ የለቀቀ ሰው ለተተኪው ሸጦ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ቦታው ላይ የሞተ ግን ገንዘቡ ለግንቡ አዛዥ ይቀራል፣ ሚስትና ልጆቹም ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ከ1826 እስከ 1852 የግንቡ አዛዥ የነበረው የዌሊንግተን መስፍን ሽያጩን አስቀርቶ ቦታው በአገልግሎታቸው ለተመሰከረላቸው ባለ ሌላ ማዕረግ ወታደሮች ይሁን አለ። ከዚያ ወዲህ የሚሸጥ ነገር የለም፤ ምርቃቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ትውልደ ኢትዮጵያዊ ዮማን ዋርደር መሆን ይችላል?

ትውልድ አይከለክልም፤ መንገዱ ግን የሚጀምረው ከሠራዊቱ በር ነው። የብሪታንያ ምድር ጦር የሚመለምለው የብሪታንያ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎችን ነው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች በኢትዮጵያ ፓስፖርት መግባት አይቻልም፤ መጀመሪያ የብሪታንያ ዜግነት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ጥምር ዜግነት አይቀበልም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የሚተርፈው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ይህን ቤተሰብ ተቀምጦ ሊመክርበት ይገባል።

ከዚያ ሒሳቡን መሥራት ነው። ለተራ ወታደርነት የሚገባው 36 ዓመት ሳይሞላ ነው። በ18 የገባ 22 ዓመቱን በ40 ይጨርሳል፣ በ25 የገባ በ47፣ በ30 የገባ በ52። ባሻነት ግን ዓመት ስለተቆጠረ አይመጣም፤ አብረው ከገቡት አብዛኛው ከዚያ በታች ነው የሚወጣው። በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ለንደን ወይም ሊድስ የመጣ ልጅ ቢያስበው ያስኬዳል።

በኢትዮጵያ ሠራዊት አገልግያለሁ፣ አሁን እንግሊዝ ነው የምኖረው። አገልግሎቴ ይቆጠርልኛል?

ለዚህ ቦታ አይቆጠርም። ለሴኩሪቲ ሥራ ግን ልምዱ ይጠቅማል፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩትም እሱን ነው። በኮንትራት ለሚሠራ ጥበቃ የኤስአይኤ፣ ማለትም የጥበቃ ሥራን የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል፣ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። የታወቀ ሥልጠና ወስዶ ማለፍ፣ ከዚያ በፊት የመጀመሪያ እርዳታ የምስክር ወረቀት መያዝ፣ የመሥራት መብትና የአምስት ዓመት የአድራሻ ታሪክ ማሳየት ያስፈልጋል። ማመልከቻ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ከብሪታንያ ውጭ በአንድ አገር ስድስት ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ የኖረ ሰው ከዚያ አገር ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ለሥራ ዱባይ ወይም ቤሩት ቆይቶ የመጣ ሰው ኮርሱን ሳይከፍል በፊት ወረቀቱን ይጀምር።

ቁልፍ ሲቆለፍ ለማየት ምን ላድርግ?

ለቀን ጉብኝት የሚገዛው ትኬት ለማታው አይሠራም፤ ለብቻው በድርጅቱ ድረ ገጽ ይያዛል። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ቀኑ ሲለቀቅ ቶሎ ያልቃል፤ ለንደን ደርሶ መፈለግ ከንቱ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ 9:30፣ በሩ ላይ መገኘት ነው፤ የዘገየ አይገባም፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን። ስልክ ይጠፋል፣ ፎቶና ቪዲዮ የተከለከለ ነው። ለመጸዳጃ ቤት አስቀድሞ ያስቡበት፤ ኩታ ወይም ጋቢ ካለም ይያዝ፣ ከወንዙ የሚመጣው ብርድ በበጋም አይቀርም።